ጋሽ ፀሃዬ ያልተሻገሩት ወንዝ

ጋሽ ፀሃዬ አሥራ ስድስት ዓመት ከነዱበት መሥሪያ ቤት የተሰጣቸው የመጨረሻ ወረቀት ሦስት መስመር ነው። የመጀመሪያው መስመር ሾፌር እንደነበሩ ይናገራል። ሁለተኛው ከመቼ እስከ መቼ፣ በስንት ደመወዝ እንደሠሩ። ሦስተኛው ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ከሥራ የተሰናበቱት የተሰጣቸውን ትእዛዝ ባለመፈጸምና በድርጅቱ መልካም ስም ላይ ጉዳት በማድረሳቸው ነው።» ወረቀቱን የተየብኩት እኔ ነኝ። ማህተሙንም የመታሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ የንዴቱ ግማሽ በራሴ ላይ ነው።

ሥራውን ለማያውቅ ሰው አንድ መስመር ምን ያመጣል ሊመስለው ይችላል። የአስጎብኚ ድርጅት ባለቤቶች ግን ሁሉም ይተዋወቃሉ። ሾፌር ሲቀጥሩ መጀመሪያ የሚጠይቁት የሥራ ልምድ ወረቀት ነው፤ እሱን ሳያዩ መኪናውን እንኳ አያሳዩም። ትእዛዝ አይቀበሉም ተብሎ በማህተም ለተጻፈባቸው የሃምሳ ሦስት ዓመት ሰው ማን ነው ስድስት ፈረንጅ የሚያስረክባቸው? በቃ፣ ያቺ መስመር እስካለች ድረስ ጋሽ ፀሃዬ ሥራ የላቸውም። መንዳት እንጂ ሌላ ደግሞ አያውቁም።

የተወለዱት ቂርቆስ ነው። ከእኛ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራሉ፤ ሲያስሉ ይሰማናል፣ እኔ ልጄን ስቆጣ ይሰማቸዋል። አባታቸው ቄራ ቆዳ ገፋፊ ነበሩ። እሳቸው ግን ደም ማየት ስላልወደዱ በአሥራ አምስት ዓመታቸው እዚያው ቄራ አካባቢ ጋራዥ ገቡ። ከጋራዥ የጭነት መኪና ረዳት ሆኑ፣ ከረዳትነት ሾፌር። በሰባ ሰባቱ ድርቅ እህል ጭነው ወሎ ሲመላለሱ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ነበሩ። ያን ጊዜ ያዩትን ብዙ አያወሩም። አንድ ነገር ብቻ ይላሉ፦ «ዝናቡ እንደቀረ ገበሬው ሁሉ ያውቅ ነበር። ያላወቀው ቢሮ የተቀመጠው ነው።»

በሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት አገሩ ለቱሪስት ሲከፈት አንድ ላንድክሩዘር ይዞ ሥራ የጀመረ ሰው ቀጠራቸው። በድሉ ይባላል። ቢሮ ውስጥ አቶ በድሉ እለዋለሁ፤ እዚህ አልለውም። ያን ጊዜ ቢሮ አልነበረውም፣ መንገድም አያውቅም ነበር። የትኛው መንገድ በስንት ሰዓት እንደሚያልቅ፣ የት ነዳጅ እንደሚገኝ፣ የት ንጹህ አልጋ እንዳለ ያስተማሩት ጋሽ ፀሃዬ ናቸው። አሁን አምስት መኪና አለው፤ ካዛንቺስ ፎቅ ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ የሚፈርሱትን አሮጌ ቤቶች ጣሪያ የሚያሳይ ቢሮ አለው። እኔን እዚያ ያስቀጠሩኝም ጋሽ ፀሃዬ ናቸው። አሥራ ሁለተኛ ጨርሼ፣ ልጄን ፀሎትን ወልጄ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ በግድግዳው ወዲያ ማዶ ሆነው «ራሂ፣ ኮምፒውተር ትችያለሽ አይደል?» አሉኝ። በሳምንቱ ሥራ ገባሁ።

ከቢሮው ጀርባ አንዲት ሻይ ቤት አለች። ከጉዞ የተመለሱ ሾፌሮች፣ የእኛም የሌላ ድርጅትም፣ ጠዋት ጠዋት እዚያ ተሰብስበው ሻይ በፓስቲ እየበሉ የመንገድ ወሬ ይለዋወጣሉ። ይህ ልማድ ቢሮዎቹ ሁሉ ከሚያውቁት በላይ ያውቃል። የትኛው ድልድይ እንደተሰበረ፣ የትኛው ሐይቅ እንደሸሸ፣ ዝናብ የት ያለወሩ እንደወረደ እዚያ ይነገራል። አንዱ የተናገረውን ሌላው አይረሳም፤ ነገ ነፍሱን የሚያድነው ያ ወሬ ነው።

ጋሽ ፀሃዬ በዚያች ሻይ ቤት የታወቁት በአንድ ነገር ነው። ወንዝ ጋ ሲደርሱ፣ ደረቅም ይሁን፣ መኪናውን አቁመው፣ ጫማቸውን አውልቀው በእግራቸው ተሻግረው ካልተመለሱ አይነዱም።

«ጋሽ ፀሃዬ፣ እኔ እንኳ ጫማ የማወልቀው መስጊድ ስገባ ነው» ይላቸው ነበር የሌላ ድርጅት ሾፌር የሆነው ኢብሮ።

«መስጊዱ አይወስድህም ኢብሮ፤ ሰግደህ ትወጣለህ» ይሉታል። «ወንዙ ግን ከነፈረንጅህ ይወስድሃል።»

ካለፉት ሰባት ስምንት ዓመታት ወዲህ የሻይ ቤቱ ወሬ እየተለወጠ ሄደ። በደቡብ፣ ሐመር በኩል፣ ታኅሣሥና ጥር ደረቅ ወራት ነበሩ። ብሮሹራችን ላይም እንደዚያ ነው የሚለው፤ በየዓመቱ የምተይበው እኔ ስለሆንኩ በቃሌ አውቀዋለሁ። ሾፌሮቹ ግን በጥር ጎርፍ አየን ማለት ጀመሩ። አንድ ዓመት እዚህ፣ በሌላው ዓመት እዚያ። ጋሽ ፀሃዬ ከጉዞ በተመለሱ ቁጥር ለበድሉ ይነግሩታል፣ በድሉ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልስ ይመልሳል።

«ቢሮዬ ውስጥ አታሟርት።»

ለሾፌሮቹ ሁሉ ያወጣው ሕግ ነበር። እንግዳ ፊት «ዘነበ» አይባልም፤ «ደመና ነካ አደረገን» ይባላል። «ጎርፍ» የሚባል ቃል ጭራሽ የለም። «መንገዱ አይሄድም» ብሎ የሚናገር ሾፌር አስቀድሞ ቢሮ መደወል አለበት። ኔትወርክ በሌለበት አገር ማለት ነው እንግዲህ።

በ2003 መጨረሻ ላይ አያንቱ የምትባል ልጅ ከዩኒቨርሲቲ መጣች። ለመመረቂያ ጽሑፏ አስጎብኚ ድርጅቶች ሥራችን ላይ ያሠጋናል የሚሉትን እየጠየቀች ነበር። ሥጋቶቹ ፎርሙ ላይ ተደርድረዋል፣ ለእያንዳንዱ ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ይሰጣል። በድሉ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ቁጥሩን እንደ ሎተሪ ይጠራላት ጀመር። ጸጥታ፣ አምስት። የዶላር እጥረት፣ አምስት። የአውሮፕላን ትኬት፣ አራት። የሆቴል እጥረት፣ አራት።

«የአየር ንብረት ለውጥስ?» አለችው።

ሳቀ። «እሱ የገበሬ ጉዳይ ነው። እኛ የምንሸጠው ፀሐይ ነው፣ እህቴ። ሙቀቱ ከጨመረ ፈረንጁ ደስ ይለዋል።»

«ዝናቡ ያለጊዜው ቢመጣስ?»

«አንቺም ታሟርቻለሽ እንዴ? አንድ በይው። ዜሮ የለውም?»

ጋሽ ፀሃዬ የመኪና ቁልፍ ሊያስረክቡ ገብተው በሩ አጠገብ ቆመው ነበር። «ልጄ፣ የአብያታን ሐይቅ ጻፊው» አሏት። «ድሮ ወፎቹን ከመኪና ሳይወርዱ ነበር የሚያዩት። አሁን ሽማግሌ እንግዶችን ይዘን ግማሽ ሰዓት ጭቃ ለጭቃ እንሄዳለን፣ ውሃው ሸሽቶ። ከዚያ ደግሞ ሐመር በጥር...»

«ጋሽ ፀሃዬ፣ ፎርሙ ለሥራ አስኪያጅ ነው» አለ በድሉ። «ቁልፉን አስቀምጥና ሻይህን ጠጣ።»

አያንቱ ፎርሙን አየች። «ማለቴ... ባለቤት ወይም ሥራ አስኪያጅ ነው የሚለው» አለች አፍራ። እስክሪብቶዋን ከደነች። ምን ታድርግ፣ ሾፌር የሚጻፍበት ቦታ ፎርሙ ላይ የለም። መንገዱን በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ የማያየው ሰው ተጠየቀ፤ በወር ሁለት ጊዜ የሚያዩት ሰው ቁልፍ አስቀምጠው ወጡ።

ልጅቷ ከሄደች በኋላ ግን በድሉ ወደ እኔ ዞሮ አንድ ነገር አለኝ። «እዚያ ላይ አምስት ብል ነገ ሪፖርት ይሆናል። ሪፖርቱን ቤልጅየም ሆኖ እንግዳ የሚልክልን ኤጀንት ያነበዋል። ኤጀንቱ እንግዶቹን ይዞ ኬንያ ይሄዳል። ገባሽ?»

ገብቶኛል። እኔን እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ሰውየው ሞኝ ቢሆን ይቅር እለው ነበር። እሱ ያውቃል። ዝናቡን ሳይሆን የዝናቡን ወሬ ነው የሚፈራው፤ ወሬው ካልተነሳ ደግሞ ዝናቡም የሌለ ይመስለዋል።

በጥር 2004 ከቤልጅየም የመጡ ስድስት እንግዶች በሁለት መኪና ወደ ደቡብ ወረዱ። አንዱን መኪና ጋሽ ፀሃዬ ያዙ፣ ሌላውን ሱሩር። ሱሩር ወጣት ነው፣ ጥሩ ይነዳል፣ ጋሽ ፀሃዬ ናቸው ያሠለጠኑት። ጥር አሥራ ሰባት ቀን ጠዋት ሐመር ካለችው ከቱርሚ ከተማ ተነስተው አንድ ሰፊ የአሸዋ ወንዝ ተሻገሩና ወዲያ ማዶ ያለ ገበያ ሲያዩ ዋሉ። ወንዙ ውሃ አልነበረውም፤ ከዳር እስከ ዳር ደረቅ አሸዋ ነው። ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ እዚያው ወንዝ ደረሱ። አሁንም ደረቅ ነው። ጋሽ ፀሃዬ እንደ ልማዳቸው ጫማቸውን አውልቀው ገቡ።

ሲመለሱ «አንሻገርም» አሉ።

አጠገባቸው የሌላ ድርጅት ሁለት መኪኖች ደረሱ። ሾፌሮቹ ለአፍታ ቆም አሉና ገቡበት። ጎማቸው አሸዋውን እየበተነ ተሻገሩ። ማዶ ላይ ሆነው እንግዶቻቸው ለእኛዎቹ እጃቸውን አውለበለቡ። የእኛዎቹ እንግዶች ጋሽ ፀሃዬን ያዩዋቸው ጀመር። ጋሽ ፀሃዬ ጉብታ ላይ ወጥተው ኔትወርክ ፈልገው ቢሮ ደወሉ። በድሉ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጎ ስለሚያናግር ንግግሩን እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ ሰማሁ።

«ወንዙ ደረቅ ነው አይደል?»

«አሁን ደረቅ ነው።»

«ታዲያ ምን ቆመህ ትደውላለህ?»

«ላዩ ነው ደረቅ። እግሬን ስቀብረው ከሥሩ ረጥቧል፣ ጠዋት እንደዚህ አልነበረም። ተራራው በኩል ጠቁሯል። ከብት የሚጠብቁት ሽማግሌም ከብቶቻቸውን ከወንዙ አውጥተው ዳር ላይ ተቀምጠዋል።»

«ጥር እኮ ነው።»

«ጥር መሆኑንማ አውቃለሁ።»

«ሌሎቹ ተሻግረዋል አላልክም?»

«ተሻግረዋል። አሸዋው ባይዛቸው ነው። መሃል ላይ ከያዘን ለመውጣት አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ ያ አንድ ሰዓት አይኖረንም። ሁለቱ ሴትዮዎች ሰባ ዓመት ያለፋቸው ናቸው፣ መሮጥ አይችሉም።»

«ፀሃዬ፣ ስማኝ። ተሻገር ብዬሃለሁ።»

አሥራ ስድስት ዓመት «ጋሽ» ሲላቸው ኖሮ ቃሏን የጣላት እዚያ ላይ ነው። ሰማሁት። እሳቸውም የሰሙ ይመስለኛል።

«የያዝኩት ስድስት ሰው ነው፣ አቶ በድሉ» አሉ። «አልሻገርም።»

አሁን፣ ውሃው ወዲያው ቢመጣ ኖሮ ይሄ ታሪክ ሌላ ይሆን ነበር። ሰው ሁሉ ያመሰግናቸው ነበር፣ በድሉም ለኤጀንቱ «ሾፌራችን ሕይወት አዳነ» ብሎ ያስተይበኝ ነበር። ውሃው ግን ወዲያው አልመጣም። አሥር ሰዓት ተኩል ሆነ፣ ደረቅ ነው። አሥራ አንድ ሆነ፣ ደረቅ ነው። ከእንግዶቹ አንዱ መሃል አሸዋው ላይ ሄዶ ቆመና እጁን ዘርግቶ ሳቀባቸው። ሱሩር እንደነገረኝ ጋሽ ፀሃዬ አልተናገሩትም፤ ሄደው አጠገቡ ቆሙና ትከሻውን ይዘው ወደ ዳር መለሱት።

አሥራ አንድ ተኩል ላይ መጣ። ቱቦ እንደፈነዳ ዓይነት ድምፅ ነበር አለኝ ሱሩር፣ ከዚያ ቡኒ ውሃ ግንድና እሾህ እየገፋ ወንዙን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። ያ የሳቀባቸው ሰውዬ ተቀምጦ ቀረ። ውሃው ሁለት ቀን ቆየ። መኪና ውስጥ አደሩ፣ የአካባቢው ሰዎች ወተት አመጡላቸው፣ በሦስተኛው ቀን ተሻገሩ። ከአርባ ምንጭ የሚነሳው አውሮፕላን ግን አመለጣቸው፣ በእሱ ምክንያት ወደ አገራቸው የሚመለሱበትም አመለጣቸው።

እንግዶቹ ለኤጀንቱ አቤቱታ ጻፉ። አቤቱታው ሐቀኛ ነበር፣ ስለ ጋሽ ፀሃዬ ክፉ ቃል አልነበረውም። የጻፉት «ወንዙ ሞላ፤ ብሮሹሩ ግን ወሩ ደረቅ ነው ይላል» ብለው ነው። ኤጀንቱም በድሉን አንድ ጥያቄ ጠየቀ፦ በጥር ወር እንዲህ ያለ ጎርፍ የተለመደ ነው ወይ? ከሆነ የጥርን ጉዞ ከዝርዝራችን እናውጣው?

መልሱን የተየብኩት እኔ ነኝ። በድሉ ቆሞ እየነገረኝ ነው። ወሩ እንደ ሁልጊዜው ደረቅ መሆኑን፣ ሌሎች ድርጅቶች በዚያው ሰዓት ያለችግር መሻገራቸውን፣ ችግሩ የተፈጠረው ሾፌሩ የተሰጠውን ትእዛዝ ባለመቀበል አንድ ሰዓት ተኩል በከንቱ ስላባከነ መሆኑን፣ ሾፌሩም ከሥራ መሰናበቱን። እስከዚያ ደቂቃ ድረስ ጋሽ ፀሃዬ አልተሰናበቱም ነበር። የተሰናበቱት ኢሜይሉ ላይ ነው። ዝናቡን ከፋይሉ ለማውጣት እሳቸውን አወጣቸው።

«ሱሩርም እኮ አልተሻገረም» አልኩት።

«ሱሩር አለቃ የለውም እንዴ? አለቃው ፀሃዬ ነበር። ላኪው።»

ላክሁት። ልጅ አለኝ፣ የቤት ኪራይ አለብኝ፤ ይህን የምናገረው እንዲታዘንልኝ አይደለም፣ እንዴት እንደሆነ እንዲታወቅ ነው።

ጋሽ ፀሃዬ ወረቀታቸውን ሊወስዱ መጡ። ቆመው አነበቡት። ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ ወደ መጀመሪያው ተመልሰው እንደገና አነበቡ።

«ራሂ፣ አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ፊደሉ ንጹህ ነው» አሉና አጥፈው ኪሳቸው ከተው ወጡ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ በወር ውስጥ ሰባት ቢሮ አንኳኩ። ሁለቱ ወረቀቱን አንብበው መለሱላቸው፣ አራቱ እንደውላለን አሉ፣ አንዱ በሩ ላይ ሆኖ «ሰምቻለሁ» አላቸው። ሻይ ቤት ውስጥ ሾፌሮቹ ያዝኑላቸዋል፣ ሻያቸውን ይከፍሉላቸዋል፤ ሱሩር ግን እሳቸው ሲገቡ ይወጣል። አንድ ቀን ኢብሮ «ያ ልጅ ምን ሆኖ ነው የሚሸሽዎት?» ሲላቸው «ተወው፣ እሱም ልጆች አሉት» አሉ። እኔ ግን እሱንም አልተውኩትም። ያየውን መናገር ይችል ነበር። እኔም እችል ነበር።

አንድ እሑድ ባለቤታቸው እትዬ ፍረወይኒ በራችን ላይ ቆሙ። ልጄ ፀሎት ቀሚሳቸውን ያዘች፣ እሳቸው ግን ወደ ታች አላዩም።

«ያቺን መስመር ስትጽፊ እጅሽ አልተንቀጠቀጠም?» አሉኝ።

ልዋሽ ፈልጌ ነበር። «አልተንቀጠቀጠም፣ እትዬ ፍሬ።»

«እንግዲያው የማይንቀጠቀጥ እጅ ካለሽ ነገ ክፍለ ከተማ አብረሽው ሂጂ። እሱ ክስ አልፈልግም፣ ካሳ አልፈልግም እያለ ቤት ተቀምጧል። የሚፈልገው ያቺ መስመር እንድትወጣለት ብቻ ነው። ይህንን መናገር ደግሞ ያፍራል።»

በማግስቱ በምሳ ሰዓቴ ሄድን። የሠራተኛ ጉዳይ ክፍል ውስጥ መርጋ የሚባል ሰው ተቀበለን፤ ፊቱ የደከመ፣ ጠረጴዛው በፋይል የተከበበ። ወረቀቱን አነበበና መስመሯን በጣቱ ነካት።

«ሕጉ የሚለው የሥራው ዓይነት፣ ዘመኑና ደመወዙ ይጻፍ ነው። ጥፋት ይጻፍ አይልም» አለ። «እስቲ አሠሪውን ልጥራው።»

በድሉ ለሁለተኛው ጥሪ መጣ። ከጋሽ ፀሃዬ አጠገብ ተቀምጬ ሲያየኝ «አንቺም እዚህ ነሽ?» አለኝ። አዎ አልኩት።

መርጋ ጊዜ አላጠፋም። «ያልፈጸሙት ትእዛዝ ምን ነበር?»

«ወንዝ እንዲሻገር» አለ በድሉ።

«ለምን አልተሻገሩም፣ ጋሼ?»

«ደራሽ ውሃ ይመጣል ብዬ።»

«መጣ?»

«መጣ።»

«ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ» አለ በድሉ ቶሎ ብሎ። «በአንድ ሰዓት ተኩል አሥር ጊዜ ይሻገር ነበር። ሌሎቹ ተሻግረዋል። እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ጌታዬ፣ ሾፌር ሰማይ እያየ በሚያወጣው ፕሮግራም መሥራት አልችልም።»

መርጋ ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋው። «እሺ። ሕጉ ባያስገድድዎትም እርስዎ ምክንያት ልጻፍ ካሉ ሙሉውን ይጻፉት። ጥር አሥራ ሰባት ቀን ደራሽ ውሃ ይመጣል በማለት ወንዝ አልሻገርም ስላሉ፣ ውሃውም ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ መጥቶ ሁለት ቀን መንገድ ስለዘጋ ተሰናብተዋል ብለው ማህተም ያድርጉበት። እውነት ነው አይደል? እንደዚያ ከተጻፈ እኔ አልከለክልዎትም።» ወደ ጋሽ ፀሃዬ ዞረ። «እርስዎስ ይስማማሉ?»

«እስማማለሁ» አሉ ጋሽ ፀሃዬ። «እንደውም እንደዚያ ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል። ይዤው እዞራለሁ።»

በድሉ ወረቀቱ ላይ አፈጠጠ። ምን እንዳየ እኔ አውቃለሁ። በራሱ ማህተም፣ በራሱ ፊርማ፣ ጥር ላይ ጎርፍ አለ የሚል ወረቀት፤ አንድ ሽማግሌ ሾፌር ይዞት ካዛንቺስን ቢሮ ለቢሮ ሲዞር፣ ሰው ሲያነበው፣ አንዱ ፎቶ ኮፒ ሲያደርገው፣ ቤልጅየም ሲደርስ። የአንድን ሰው እንጀራ የሚቆርጥ መስመር ሲጽፍ ያልፈራ ሰው፣ ውሃ የምትለዋን ቃል ፈራ።

«መስመሩ ይውጣ» አለ።

«ሁለቱ መስመሮች ብቻ?»

«ሁለቱ ብቻ።» ከዚያ እኔን ሳያየኝ «አንቺው ተይቢው» አለኝ።

በዚያው ቀን ተየብኩት። እስካሁን አላባረረኝም፤ ኢሜይል የሚጽፍለት ሌላ ሰው የለውም። ብሮሹሩም አልተለወጠም። ለሚመጣው ጥር ሦስት ቡድን ተመዝግቧል፣ አንዱን የሚወስደው ሱሩር ነው። ሱሩርን ጠርቼ ጋሽ ፀሃዬ ወንዝ ጋ የሚያደርጉትን ታደርጋለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «አደርጋለሁ፣ ራሄል» አለኝ። «አልሻገርም ማለቱን ነው የማላውቀው።» ጥር ሩቅ አይደለም፣ እኔም ሌላ ቢሮ እየፈለግሁ ነው።

ጋሽ ፀሃዬ በአዲሱ ወረቀት መጀመሪያ የሄዱት ሰንጋ ተራ በኩል፣ ሁለት መኪና ያላት ወይዘሮ ሸዋአየሁ ጋ ነው። ልጄን ከእናቴ ቤት ለመውሰድ መንገዴ ስለሆነ አብሬያቸው ገባሁ። ቢሮዋ ምድር ቤት ነው፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ካርታ። ወረቀቱን አነበበች።

«አሥራ ስድስት ዓመት አንድ ቦታ። ለምን ወጡ ታዲያ?»

ወረቀቱ ንጹህ ነው፤ ደክሞኝ ነው፣ በጤና ነው ማለት ይችሉ ነበር። እኔ እንደዚያ እንዲሉ ጸልዬ ነበር። እሳቸው ግን ሁሉንም ነገሯት። ወንዙን፣ እርጥቡን አሸዋ፣ የተሻገሩትን ሁለት መኪኖች፣ አንድ ሰዓት ተኩሉን፣ ያመለጠውን አውሮፕላን። ምንም አልቀነሱም። ሴትየዋ አላቋረጠቻቸውም። አለቀ ብዬ ነበር።

መሳቢያዋን ከፍታ የሚመጣውን ዓመት ፕሮግራም አወጣችና ጥር ላይ ጣቷን አሳረፈች። ሁለት ቡድን አላት።

«እኔም እዚያው ነው የምልካቸው» አለች። «ምን ላድርግ? ልሰርዘው?»

አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው ይህን ጠይቋቸው አያውቅም። ጋሽ ፀሃዬ እስከዚያ ድረስ ቆመው ነበር። ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ መነጽራቸውን አወጡ።

«አይሰርዙት» አሉ። «ይሂዱ፣ አገሩ ደስ ይላል። ግን እዚህች ጋ፣ ከገበያው ቀጥሎ፣ አንድ ትርፍ ቀን ያስገቡ። ውሃው ከመጣ እንጠብቃለን። ካልመጣ እንግዳው ያርፋል። ዋጋው ላይ ከአሁኑ ይታሰብ፣ ኤጀንቱም ለምን እንደሆነ ይነገረው።»

«ጎርፍ ይመጣል ብዬ ልንገረው?»

«ሊመጣ ይችላል ብለው። እውነቱ እሱ ነው።»

ወይዘሮ ሸዋአየሁ እስክሪብቶ አንስታ፣ ከገበያው ቀን ሥር መስመር አሰመረችና «ትርፍ ቀን» ብላ ጻፈችበት።

«ሁለተኛውስ ቡድን?» አለች። «እሱ የሚሄደው በሌላ መንገድ ነው።»

«ካርታውን ያምጡት» አሉ ጋሽ ፀሃዬ።